ሦስተኛ ፎቅ፣ አስፋልትና ኮረኮንች፦ አንድ ጋሪ ይበቃል ወይ?

«ጤና ይስጥልኝ እህቴ። የአራት ወር ተኩል ወንድ ልጅ አለኝ። እስካሁን አዝዬው ነው የምንቀሳቀሰው። አሁን ግን እየከበደ መጣና ወገቤ እንቢ አለ። የልጅ ጋሪ እንግዛ ብለን ከባለቤቴ ጋር ስንከራከር ሰነበትን። የምንኖረው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለም። በሥራ ቀን በእግረኛ መንገድ ነው የምሄደው፣ አውቶቡስም እይዛለሁ። ቅዳሜና እሑድ እናቴ ቤት እንሄዳለን። እዚያ መንገዱ ግማሹ ኮብልስቶን፣ ግማሹ ኮረኮንች ነው፤ ሲዘንብ ደግሞ ጭቃ። ባለቤቴ ሩጫ ይወዳል፤ ትልልቅ ጎማ ያለው ባለሦስት እግር ካልገዛን ብሎ ሙጭጭ ብሏል። እኔ የምፈልገው ቀላልና ቶሎ የሚታጠፍ ነው። የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ያገለገለ ባለአራት እግር አለኝ፣ ውሰጂው ብላኛለች። ለሁለቱም መንገድ የሚሆን አንድ ጋሪ አለ? ወይስ ሁለት ልንገዛ ነው? ደግሞስ ስንት ዓመት ያገለግለናል?»

ልጅሽን ያሳድግልሽ። መልሱን ላስቀድመው፦ አንድ ጋሪ ይበቃችኋል። ባለአራት እግር ይሁን፣ ጎማው መካከለኛ፣ የፊት ጎማው የሚቆለፍ፣ ክብደቱም ከ10 ኪሎ ብዙ የማያልፍ። ባለቤትሽ ያየው ትልቁ ባለሦስት እግር ለጊዜው ይቅርባችሁ። አንቺ ያሰብሽው ትንሹ ቀላል ጋሪም እናትሽ ቤት ሳትደርሺ ያማርርሻል። ማዘያሽንም እንዳትጥዪው፤ ሥራው ገና አላለቀም።

ደብዳቤሽን ደግሜ አነበብኩት። ስለ ኮረኮንቹ ብዙ ብለሻል፣ ስለ ደረጃው ግን አንድ መስመር ብቻ። እኔን ያሳሰበችኝ ያቺ መስመር ናት። ኮረኮንቹን የምታገኚው በሳምንት ሁለት ቀን ነው። ደረጃውን ግን በየቀኑ ትወጪዋለሽ፣ ትወርጃለሽ።

እስቲ አስቢው። ትልልቅ ጎማ ያለው የኮረኮንች ጋሪ ባዶውን ከ11 እስከ 15 ኪሎ ይመዝናል። ልጅሽ በዚህ ዕድሜው 7 ኪሎ ገደማ ቢሆን ነው። ቦርሳው ከነዳይፐሩ ሌላ 3 ኪሎ። ልጁ ጋሪው ውስጥ እንዳለ ተሸክሞ ደረጃ መውጣት ፈጽሞ አይሞከርም፤ እግርሽን አንዴ ካዳለጠሽ ተያይዞ መውደቅ ነው። ጋሪውን ላስቀድምና ልመለስ እንዳትዪ፣ ልጁን ማን ይይዝልሻል? ልጁን ላስቀድም ብትዪም ያው ነው። የሚያዋጣው አንድ አሠራር ብቻ ነው። ልጁ ደረትሽ ላይ በማዘያ፣ የታጠፈው ጋሪ በአንድ እጅሽ፣ ሌላው እጅሽ የደረጃው መደገፊያ ላይ። ማዘያውን አትጥዪው ያልኩሽ አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

ስለዚህ ሱቅ ከመሄድሽ በፊት አንድ ነገር ሞክሪ። ባለአንድ ሊትር ውሃ የሞላ ጠርሙስ አንድ ኪሎ ገደማ ነው። አሥር ጠርሙስ ሻንጣ ውስጥ ደርድሪ። ልጁን እዘይ፣ ሻንጣውን በአንድ እጅሽ ያዢና ከምድር ቤት እስከ በርሽ ውጪ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆመሽ ማለክለክ ከጀመርሽ 10 ኪሎ በዝቶብሻል። ሁለት ጠርሙስ አውጪና አረፍ ብለሽ እንደገና ሞክሪ። ሳትንገዳገጂ የምትወጪበት ቁጥር የጋሪሽ ክብደት ጣሪያ ነው። ከዚያ በኋላ ሻጩ ምንም ቢያሞግስልሽ ከዚያ ቁጥር አትለፊ። ባለቤትሽም መሞከር ይችላል፤ ግን ቁጥሩን የሚወስነው በየቀኑ የሚሸከመው ሰው ነው።

ይሄን ስሌት የሚቀይር አንድ ነገር ብቻ አለ። ከደረጃው ሥር ጋሪ የምታሳድሩበት የተፈቀደ ቦታ ካለ፣ በብስክሌት ቁልፍ አስራችሁ መተው ትችላላችሁ። መተላለፊያውን ግን እንዳይዘጋ፤ እሳት ቢነሳ የሁሉም መውጫ እሱ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ካላችሁ 12 ወይም 13 ኪሎም ቢሆን ብዙ አያስጨንቅም። ከሌላችሁ ወደ ጠርሙሶቹ ተመለሺ።

አንድ ጋሪ ሁለቱንም መንገድ እኩል የማይችለው አምራቾች ሰንፈው አይደለም። ሁለቱ መንገዶች የሚጠይቁት ነገር ይጋጫል። ከታሪካቸውም ይታያል። ኦወን ማክላረን የሚባል እንግሊዛዊ የአውሮፕላን መሐንዲስ ነበር፤ በስፒትፋየር ተዋጊ አውሮፕላን የማረፊያ እግር ላይ የሠራ ሰው ነው። ሴት ልጁ የሕፃን ጋሪ ይዛ መጓዝ እንዴት እንዳሰለቻት ስትነግረው፣ እ.ኤ.አ. በ1965 ከአሉሚኒየም የተሠራ፣ እንደ ጃንጥላ የሚታጠፍ፣ 3 ኪሎ እንኳ የማይሞላ ጋሪ ነደፈ። የዛሬዎቹ ቀላል የከተማ ጋሪዎች የዚያ ዘሮች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ደግሞ ፊል ቤችለር የሚባል አሜሪካዊ ሯጭ አባት ልጁን ይዞ መሮጥ ፈለገ። ጋሪ ላይ የብስክሌት ጎማ ገጠመ። የባለቤትሽ ባለሦስት እግር የመጣው ከዚያ ነው። አንዱ ክብደት ሲቀንስ ሌላው ጎማ ሲያሳድግ ኖሩ። ዛሬ «ለማንኛውም መንገድ» ተብሎ የተጻፈበት ጋሪ ሁሉ ከሁለቱ ትንሽ ትንሽ የወሰደ ነው። ጽሑፉን አትመኚው፤ ማንም ሊለጥፈው ይችላል። ጎንበስ ብለሽ ጎማውን እዪ።

ጎማው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ነው።

ትንሽ ጎማ ድንጋይ ሲያጋጥመው ለምን ቀጥ እንደሚል ልንገርሽ። 3 ሴንቲሜትር ከፍታ ያለው ድንጋይ አስቢ፤ ኮረኮንች ላይ ሞልቷል። የጎማው ዲያሜትር 15 ሴንቲሜትር ከሆነ፣ ወደፊት ብቻ ገፍተሽ ድንጋዩን ለማሻገር በጎማው ላይ ካረፈው ክብደት በሲሶ የሚበልጥ ጉልበት ይጠይቅሻል። ጎማው 20 ሴንቲሜትር ከሆነ ከክብደቱ ጋር እኩል ይሆናል። 30 ሴንቲሜትር ሲሆን የክብደቱ ሦስት አራተኛ ይበቃል። ከ15 ወደ 20 የሚደረገው ጭማሪ ትንሽ ይመስላል፤ እጅሽ ላይ ግን በደንብ ይታወቃል። ብዙዎቹ ትንንሽ ተጣጣፊ ጋሪዎች የፊት ጎማቸው ከ12 እስከ 15 ሴንቲሜትር ነው። ሊሾ ላይ ይንሸራተታሉ። ኮረኮንች ላይ ግን ጎማው ድንገት ይቆማል፣ አንቺ መግፋትሽን አላቆምሽም፣ ጋሪው ወደፊት ይደፋል። ልጁ ካልታሰረ የሚሆነውን መገመት አያቅትሽም።

ለአንቺ የሚበጀው፣ የፊቱ ከ18 እስከ 20፣ የኋላው ከ25 እስከ 30 ሴንቲሜትር ቢሆን ነው። ሜትር ይዘሽ ሂጂና ራስሽ ለኪው። ሻጩ ቢያይሽ ይይ።

ከመጠኑ ቀጥሎ ከምን እንደተሠራ እዪ። ጎማውን በጥፍርሽ ኳ ኳ አድርጊው። ደረቅ የፕላስቲክ ድምፅ ከሰጠሽ ወደ ቦታው መልሺው። እንዲህ ያለው ጎማ ኮብልስቶን ላይ ከነልጁ ይንቀጠቀጣል፣ ሰፈሩንም ይቀሰቅሳል። ሁለተኛው ዓይነት ድፍን ጎማ ነው፤ ውስጡ ፎም ወይም ወፍራም ላስቲክ ነው፣ በጣትሽ ስትጫኚው ትንሽ ይሰጣል። አይተነፍስም፣ ፖምፓ አይፈልግም። ሦስተኛው በአየር የሚነፋው ነው። ለልጁ ምቾት የሚያህለው የለም። ኮብልስቶን ላይ ሁለቱን ብትሞክሪ ልዩነቱን ከልጁ ጉንጭ ታውቂዋለሽ፤ በአንደኛው ጉንጩ ይርገበገባል፣ በሌላኛው ዝም ይላል። ግን ይበሳል። እሾህ ካለበት መንገድ ተመልሰሽ፣ ሰኞ ጠዋት ለሥራ ስትቻኮዪ ጎማው ተኝቶ ልታገኚው ትችያለሽ።

እኔ ለአንቺ ድፍኑን እመርጥልሻለሁ። የሥራ ቀን ጉዞሽ ይበልጣል፣ አውቶቡስም ትጠብቂያለሽ፤ መንገድ ላይ ጎማ የምትጠግኚበት ጊዜ የለሽም። እናትሽ ቤት የምትሄዱት በሳምንት አራት ወይም አምስት ቀን ቢሆን ኖሮ በአየር የሚነፋውን እል ነበር። በአየር የሚነፋውን ካገኛችሁ ደግሞ አንድ ነገር ያዙ። የብዙዎቹ ቫልቭ የመኪና ጎማ ዓይነት ነውና ጎሚስታ ዘንድ በመኪና መንፊያ ልንፋው ያሰኛል። ተጠንቀቁ፤ ያ መሣሪያ ትንሿን ጎማ በሰከንድ ያፈነዳታል። በብስክሌት የእጅ ፖምፓ ቀስ እያላችሁ ንፉት። የሚችለው ግፊት ጎማው ጎን ላይ ተጽፏል፤ ኮረኮንች ከሆነ ከዚያ ዝቅ ቢል ለልጁ ይለሰልሳል።

አሁን የፊት ጎማ። በከተማ ዙሪያውን የሚዞር የፊት ጎማ የግድ ነው። በሰው መሃል፣ በጠባብ በር፣ አውቶቡስ ውስጥ፣ በአንድ እጅ እንድትጠመዝዢው ያደርግሻል። ይሄው ጎማ ኮረኮንች ላይ ግን ያብዳል። እያንዳንዱ ጠጠር ወደፈለገው አቅጣጫ ይመታዋል፣ ቁልቁለት ላይ ፍጥነት ሲጨምር ይርገፈገፋል። ለዚህ ነው መቆለፊያ ያለው ይሁን ያልኩሽ። አስፋልቱ አልቆ ኮረኮንቹ ሲጀምር ጎንበስ ትዪና ቁልፉን ትጫኚዋለሽ፣ ጎማው ቀጥ ብሎ ይቀራል። መታጠፍ ስትፈልጊ እጀታውን ወደታች ጫን አድርገሽ በኋላ ጎማ ታዞሪዋለሽ። መቆለፊያው በጫማሽ ጫፍ የሚሠራ ከሆነ እሰየው። ጭቃ የነካ ቁልፍ በጣት መታገል ያስጠላል።

ባለሦስት እግሩን ለምን እንደገፋሁት ባለቤትሽ ይጠይቅሽ ይሆናል። ክፉ ጋሪ ሆኖ አይደለም። ገላጣ ሜዳ ላይ አንድ የፊት ጎማ ከሁለት ይሻላል፤ የሚጋጨው ድንጋይ ያንሳል፣ መሪውም ይቀላል። ግን ፊቱ ጠባብ ስለሆነ ጎርባጣ ላይ በፍጥነት ሲታጠፍ ወደ ጎን የመገልበጥ ዝንባሌ አለው። የኋላው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሰፊ ነው፤ አውቶቡስ በር ላይ የሚያስቸግረው እሱ ነው። ታጥፎም ቢሆን ትልቅ ነው። አንዳንዶቹ መኪና ውስጥ ለመግባት ጎማቸው መነቀል አለበት። ሦስተኛ ፎቅ ለሚኖር ሰው፣ ያውም ሊፍት ለሌለው፣ ይሄ ሁሉ በየቀኑ የሚከፈል ዕዳ ነው።

ሩጫውን በተመለከተ ደግሞ አሁን ጊዜው አይደለም። ልጁ አራት ወር ተኩል ነው። አንገቱ ለሩጫ ንዝረት ገና አልጠናም። ብዙ አምራቾች ከ6 ወር በታች ያለን ልጅ ይዛችሁ አትሩጡ ይላሉ፤ እስከ 8 ወር ጠብቁ የሚሉም አሉ። ከዚያ በኋላም የልጁን ሐኪም ጠይቆ፣ ለሩጫ ተብሎ በተሠራ ጋሪ ብቻ ነው። የፊት ጎማው የተቆለፈ፣ እጀታው ላይ የእጅ ፍሬን ያለው፣ ከእጅ አንጓ ጋር የሚታሰር ማሰሪያ ያለው። እኔ የመረጥኩላችሁ ባለአራት እግር ለእግር ጉዞ ነው፤ ባለቤትሽ ፍጥነት እንዳይሞክርበት። ልጁ ሲደርስ አሁንም መሮጥ ካማረው ያኔ ያገለገለ የሩጫ ጋሪ ይፈልግ፤ ዛሬ ግን በሩቁ ጊዜ ሰበብ ያንቺን ወገብ አይቅጣ።

በዚህ ዕድሜ ከጎማም በላይ የማልደራደርበት ነገር አለ። መቀመጫው ወደ መኝታ ይለወጥ። ደግፈው ካላስቀመጡት በቀር መቀመጥ የማይችል ልጅ፣ ቀጥ ባለ መቀመጫ ላይ ጀርባው ይጎብጣል፣ አገጩ ደረቱ ላይ ይወድቃል፤ ያኔ መተንፈስ ሊቸገር ይችላል። የአውሮፓ የልጅ ጋሪ ደረጃ፣ ኢኤን 1888 የሚባለው፣ ከ6 ወር በታች ላለ ልጅ መቀመጫው ቢያንስ 150 ዲግሪ እንዲዘረጋ ይጠይቃል። በቀላል አማርኛ፣ ተኝቶ ነው ለማለት ትንሽ የቀረው። ብዙዎቹ ትንንሽ የጃንጥላ ጋሪዎች ይሄን አያሟሉም። አንቺ ያሰብሽውን ቀላል ጋሪ አይሆንም ያልኩበት ዋናው ምክንያት ይሄ ነው፤ ኮረኮንቹ ሁለተኛው ነው። የልጁን የመኪና መቀመጫ ጋሪው ፍሬም ላይ የሚገጥሙም አሉ። ለአጭር መንገድ ይሁን፤ ለረጅም እንቅልፍ ግን አይሆንም።

ቀበቶው ባለአምስት ነጥብ ይሁን። ሁለት በትከሻ፣ ሁለት በወገብ፣ አንድ በእግሮቹ መሃል። የመሃሏ እንዳትረሳ፤ ልጁ ተንሸራትቶ የሚወርደው እሷ ስትቀር ነው። «እዚሁ ነው፣ ቅርብ ነው» ብለሽ ሳታስሪው እንዳትወጪ። ከላይ የነገርኩሽ መደፋት ሁለት እርምጃ ላይም ይመጣል።

ሞላውን ለመፈተሽ መቀመጫውን በሁለት እጅሽ ወደታች ጫን አድርጊው። ለስለስ ብሎ ወርዶ ለስለስ ብሎ ይመለስ። ድርቅ ካለብሽ ለ7 ኪሎ ልጅ ምንም አይሠራም። ፍሬኑ በአንድ እግር ሲረገጥ ሁለቱንም የኋላ ጎማ ይያዝ። ሱቁ ውስጥ የሆነ ዘንበል ያለ ቦታ ፈልጊ፣ ፍሬኑን ያዢና ክብደት ጭነሽ ልቀቂው። ትንሽ እንኳ ከተንሸራተተ ያንን ጋሪ ተዪው። የእናትሽ ሰፈር ቁልቁለት ካለው የእጅ አንጓ ማሰሪያ ያለውን ምረጪ፤ አንዴ ካመለጠ ሮጦ መያዝ አይቻልም። አውቶቡስ ውስጥም ፍሬኑን ያዢ፣ እጅሽንም አታንሺ።

ማጠፉን በደንብ ሞክሪው። ሻጩ ሲያሳይሽ በሁለት ሰከንድ አጥፎ ፈገግ ይላል፤ እሱ ቀኑን ሙሉ ሲያጥፍ ነው የሚውለው። ልጁን ታቅፈሽ፣ በአንድ እጅሽ፣ ራስሽ እጠፊው። ሦስት ጊዜ። ሦስተኛውም ላይ ካቃተሽ አውቶቡሱ በር ላይ ሰው ከኋላሽ ሲገፋ ከቶ አይሆንልሽም። የቤትሽን በር፣ የደረጃውን መዞሪያ፣ የአውቶቡሱን በር ስፋት አስቀድመሽ ለኪ። አብዛኛው ባለአንድ ልጅ ጋሪ 60 ሴንቲሜትር ገደማ ስፋት አለው፤ ጥቂት ሴንቲሜትር መቀነስና መጨመሩ ነው በር ላይ የሚያጣላሽ።

እጀታው ከፍ ዝቅ የሚል ይሁን። አንቺና ባለቤትሽ እኩል ቁመት የላችሁም ብዬ እገምታለሁ። እጀታው በጣም ዝቅ ካለ ትጎብጫለሽ፣ ያን ጊዜ ወገብሽ እንደገና ደብዳቤ ያስጽፍሻል።

አንዴ ከገዛችሁ በኋላ ደግሞ የአገፋፉ ነገር አለ። ጠርዝ ስትወጪ እጀታውን ወደታች ተጭነሽ የፊቱን ጎማ አንሺ፣ ጠርዙ ላይ አሳርፊው፣ ከዚያ የኋላውን ግፊ። ስትወርጂ ዞረሽ በኋላ ጎማ ውረጂ። ጭቃ ወይም ልቅ አሸዋ ካጋጠመሽ መግፋቱን ተዪና ፊትሽን አዙረሽ ጎትቺው፤ ስትገፊ የፊቱ ጎማ ይቀበራል፣ ስትጎትቺ ይቀላል። ከባድ ቦርሳ እጀታው ላይ አታንጠልጥዪ። ልጁን ባነሳሽበት ቅጽበት ጋሪው ወደኋላ ይገለበጣል፤ ልጁ ቀላል ከሆነ ደግሞ ከነልጁም ሊገለበጥ ይችላል። ዕቃው ከሥር ባለው ቅርጫት ይግባ። ፀሐይ ሲሆን ሻሽ ወይም ብርድ ልብስ ከላይ እንዳትጥዪበት፤ ቀጭን ቢሆንም አየር ይዘጋል፣ ውስጡ በፍጥነት ይሞቃል። የራሱ ሰፊ ጥላ ያለውን ምረጪ።

መኪና የበዛበት መንገድ ላይ መቀመጫው ከፍ ያለ ጋሪ ይሻላል። የእንግሊዙ የሱሬይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 እንዳወጡት፣ ጋሪ ውስጥ ያለ ልጅ ከመሬት ከ55 እስከ 85 ሴንቲሜትር ላይ ነው የሚተነፍሰው፤ የመኪና ጭስ የሚወፍረውም እዚያው ነው። መብራት ላይ ስትቆሚ ከመኪናዎቹ ትንሽ ራቅ በዪ።

ስንት ዓመት ያገለግላል ላልሽው፣ መልሱ ጋሪው ላይ ተጽፏል። የነገርኩሽ የአውሮፓ ደረጃ ሁለት ክፍል አለው፤ አንዱ እስከ 15 ኪሎ፣ ሌላው እስከ 22 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ። ብዙ ልጅ 15 ኪሎ የሚሞላው 3 ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። በዚያ ዕድሜው በእግሬ ካልሄድኩ ብሎ ያስቸግርሻልና 15ቱ ይበቃሻል። ለ22ቱ ብለሽ ክብደት አትጨምሪ።

የቀረው የባልደረባሽ ጋሪ ነው። ባለአራት እግር ነው ብለሻል፤ ደስ ብሎኛል። ከመቀበልሽ በፊት ግን ገልብጪው። እያንዳንዱን ጎማ ከጎን ወደ ጎን ወዝውዢው፤ ከተንገዳገደ ኩሽኔታው ወይም ማሰሪያው አልቋል። አንሥተሽ በጣትሽ አሽከርክሪው፤ ሳያንቋቋ ረጅም ጊዜ መዞር አለበት። የሚታጠፍባቸው መገጣጠሚያዎች ላይ ስንጥቅ ካለ፣ ብየዳ ካየሽ፣ ሲዘረጋ «ቀጭ» ብሎ የማይቆለፍ ከሆነ በትሕትና መልሺላት። ቀበቶው የተቀደደ ወይም በሌላ የተተካ ከሆነም እንደዚያው። ስሙንና የሞዴሉን ቁጥር ወስደሽ አምራቹ መልሱልኝ ብሎ ያወጀበት መሆን አለመሆኑን ፈትሺ። ላዩ መቆሸሹ ምንም አይደል፤ ይታጠባል።

ይሄን ካለፈ «ለአንድ ቅዳሜና እሑድ አውሺኝ» በያት። ዓርብ ማታ ልጁን አዝለሽ፣ ጋሪውን አጥፈሽ ደረጃውን ውጪ። ቅዳሜ እናትሽ ቤት ይዘሽው ሂጂ፣ ኮብልስቶኑን ባለቤትሽ ይግፋ፣ ኮረኮንቹን አንቺ። የልጁን ጉንጭ እዪ። መንገዱ ከባሰ ልጁን አውጥተሽ እዘዪውና ባዶውን ይግፋልሽ፤ ሁለት ባላ ትከል አንዱ ቢነቀል ባንዱ ተንጠልጠል የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ቀን ነው። እሑድ ማታ ተመልሳችሁ ሦስተኛ ፎቅ ስትደርሱ ክርክሩን የምትቀጥሉበት ነገር ካለ፣ ባለቤትሽ አሥሩን ጠርሙስ ይዞ ይቀጥል።